በቀኝ እጅ የሚሰጥ ቴምር

የፀዳለ እጅ ዝም ብሎ መቀመጥ አያውቅም። ጅዳ ውስጥ ሰቢል በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን አብረን መኖር ከጀመርን አምስት ዓመታችን ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ እጇ ሥራ ፈትቶ ያየሁት እንቅልፍ ሲወስዳት ብቻ ነው። ቴሌቪዥን እያየች ምስር ትለቅማለች። በስልክ እያወራች የኔን ቀሚስ ትተኩሳለች። «ተይው በናትሽ፣ ዛሬ እኮ ዓርብ ነው፣ ዕረፍታችን ነው» ስላት፣ «አንቺ ዕረፊ፤ እኔ መች ከለከልኩሽ?» ትለኛለች። አፏም እንደ እጇ ነው።

እኔ ወለላ እባላለሁ። ሸረፊያ ሰፈር በአንድ የሴቶች የውበት ሳሎን ጥፍር እሠራለሁ፤ ስለዚህ ስለ እጅ የማወራው በሙያዬ ነው። የፀዳለ እጅ ሰፊ ነው፤ መዳፉ በክሎሮክስ ብዛት የተላጠ፣ ጥፍሩ ከሥሩ የተቆረጠ። አንድ ቀን እንኳ ላሳምርልሽ ብላት እሺ ብላኝ አታውቅም። «ላንቺ መለማመጃ የሚሆን እጅ የለኝም» ትላለች።

የሐይቅ ልጅ ናት፣ የወሎ። ጅዳ ከመጣች ዐሥራ ሦስት ዓመት አልፏታል። ሰባቱን ዓመት በሰው ቤት ሠራች፤ ደግ ማዳምም ገጥማታለች፣ የሩዝ ፍሬ የምትቆጥር ማዳምም ገጥማታለች። ከዚያ ኢቃማዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ወደ አንድ የጽዳት ድርጅት አዛወረች፤ ድርጅቱም ሸረፊያ ዳር ወዳለ የሕፃናት ሕክምና ማዕከል መደባት። በዚህ መሀል ታናሽ ወንድሟን ዘለቀን አስተምራ ነርስ አደረገችው። እኔ አማራሪ ነኝ፤ አልደብቅም። ሙቀቱን አማርራለሁ፣ አከራዩን አማርራለሁ፣ የደንበኞቼን ጠባይ አማርራለሁ። እሷ ግን ዝም ብላ ሰምታኝ «ምን ጎደለሽ አሁን?» ትለኛለች። የሚያናድደኝ ከልቧ መሆኑ ነው።

የምትሠራበት ማዕከል የሚመጡት ልጆች አብዛኞቹ ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ናቸው። በማህፀን ሳሉ ወይም ሲወለዱ አንጎላቸው ተጎድቶ እጅና እግራቸው አልታዘዝ ያላቸው ልጆች። አንዱ እግሩን እየጎተተ ይመጣል፣ አንዷ በጋሪ ትመጣለች። የፀዳለ ሥራ ወለሉን መወልወልና ልጆቹ የተጫወቱባቸውን ዕቃዎች አንድ በአንድ በመድኃኒት ማጠብ ነው። ልጆቹን በስም ታውቃቸዋለች፤ ማን ዛሬ እንደሳቀ፣ ማን አንድ እርምጃ እንደጨመረ ወደ ቤት መጥታ ትነግረኛለች። እኔ ደግሞ የማላውቀው ልጅ ስለ ተራመደ እራቴን ትቼ እሰማታለሁ።

ባለፈው ኅዳር አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ከመካ መጣች። ስሟ ሀዲል ነው። እናቷ ሰዒዳ መካ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አያቷ ግን ከወሎ፣ ከቃሉ፣ ለሐጅ መጥተው በዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ። ባሏ ኢስሐቅም የዚያው አገር ዘር ነው፤ እዚያው መካ ሚስፈላ በሚባል ሰፈር ለተጓዦች መስገጃና መቁጠሪያ የሚሸጥበት ሱቅ አለው። ሰዒዳና ፀዳለ የተዋወቁት በመወልወያ ባልዲ ምክንያት ነው። ባልዲው ጎማው ተነቅሎ አልሄድ ሲላት ፀዳለ እንደ ልማዷ ትሰድበዋለች፤ «ወዲያ! አንተ ብሎ ባልዲ፣ እንኳን ውሃ ራስህንም አትሸከም!» ሰዒዳ ይህን ስትሰማ ከተቀመጠችበት ተነሣች።

«ያረቢ! የአያቴ አማርኛ ነው እኮ!» አለች። «የወሎ ነሽ?»

«የሐይቅ ነኝ።»

«እኛ የቃሉ ነን። አልሐምዱሊላህ! በይ ነይ እቀፊኝ።»

ፀዳለ እርጥብ ጓንቷን ሳታወልቅ አቀፈቻት። የሰዒዳ ዐባያ ጀርባ ላይ ሁለት የእጅ ምልክት ቀረ።

የሀዲል ችግር በቀኝ ጎኗ ነው። ቀኝ እግሯን ትንሽ ትጎትታለች፤ ቀኝ እጇ ግን ክርኑ ታጥፎ፣ ጣቶቹ ተጨብጠው፣ ደረቷ ላይ ተለጥፎ ይውላል። የምትበላውም የምትጽፈውም በግራዋ ነው። ሰዒዳ ለፀዳለ ያጫወተቻት ነገር እነሆ፦ ረመዳን ሲመጣ ኢስሐቅ በየዓመቱ ሱቁ በር ላይ ሱፍራ፣ የማፍጠሪያ ማዕድ፣ ይዘረጋል፤ መግሪብ፣ የማፍጠሪያው ሰዓት፣ ሊደርስ ሲል የቤቱ ልጆች ትሪ ይዘው ለአላፊ አግዳሚው ቴምር ያድላሉ። ባለፈው ዓመት ሀዲልም ወጣች። በሚታዘዝላት በግራ እጇ ቴምር አንስታ ለአንድ መንገደኛ ዘረጋችለት። የአባቷ እህት ከኋላ መጥታ እጇን ያዘችው። «በቀኝሽ!» አለቻት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። አክስቲቱ ክፉ ሆና አይደለም፤ በግራ መስጠት ነውር ነው፣ ልጅ ሥርዓት ይያዝ ብላ ነው። መንገደኛውም ቴምሩን ሳይቀበል አለፈ። ሀዲል ትሪውን ጥላ ሱቁ ውስጥ ገባች፤ ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሲመጣ ሁለቱንም እጆቿን እጅጌዋ ውስጥ ትከታለች።

«አሁን የምትለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው» አለች ሰዒዳ። «ዘንድሮ በቀኜ እሰጣለሁ ትላለች። በቀኟ! ወላሂ ፀዳለ እህቴ፣ ያ እጅ ማንኪያ እንኳ ይዞ አያውቅም። ረመዳን ሲመጣ ምን ልላት ነው?»

ፀዳለ ያን ቀን ወለሉን ሁለቴ ወለወለችው።

የሀዲል ሐኪም ደክቶራ ኑሃ ትባላለች፤ ወጣት የጅዳ ልጅ ናት፣ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሥራዋን የምታከብር። ለሀዲል ያዘዘችላት ሕክምና መጀመሪያ ስሰማው ቀልድ መስሎኝ ነበር። ልጅቱ ሳትነቃነቅ ትቀመጥና ለሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ታያለች። ቪዲዮው ላይ የሰው ፊት የለም፤ እጅ ብቻ ነው። እጁ ኩባያ ያነሣል፣ ጠርሙስ ይከፍታል፣ ቁልፍ ይይዛል። የተቀረጸው ከትከሻ በላይ ስለሆነ ለሚያየው ሰው የራሱ እጅ ይመስለዋል። ከዚያ ልጅቱ ያንኑ ዕቃ ይዛ ያንኑ ነገር ትሞክራለች። «ዓይን ሲያይ አንጎል አብሮ ይሠራል» አለች ኑሃ ለሰዒዳ። «የተኛውን መንገድ በዓይን በኩል እናንኳኳለን።» ዓይን ያያል ልብ ይፈርዳል የሚለውን ሰምቼ ነበር እንጂ ዓይን አይቶ እጅ ይማራል የሚል አልሰማሁም።

ችግሩ ሀዲል አላይም አለች። ቪዲዮው ላይ ያለው እጅ ነጭና ረዥም ነው፤ የሚያነሣው ጎድጓዳ ሳህን እነሱ ቤት የሌለ ዓይነት ነው። ልጅቱ ጣሪያውን ታያለች፣ የጫማዋን ማሰሪያ ታያለች። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። በአራተኛው ቀን ፀዳለ እዚያው ክፍል ጥግ ተቀምጣ የመጫወቻ ጠርሙሶችን ክዳን እየፈታች፣ እያጠበች፣ መልሳ እየገጠመች ነበር። ሀዲል ቪዲዮውን ትታ እሷን ማየት ጀመረች። ኑሃ ልትቆጣ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። የልጅቱ ቀኝ ጣቶች፣ የተጨበጡት፣ ደረቷ ላይ እንዳሉ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሱ ነበር። ፀዳለ ክዳን ስትፈታ እነሱም ለመከፈት ይታገላሉ።

«ፀዳለ፣ እጅሽን ታውሺኛለሽ?» አለቻት ኑሃ።

ፀዳለ የጠየቀቻትን በደንብ ሳትረዳ «ላስቀይምሽ አልፈልግም፣ ደክቶራ፣ ግን ሁለት ብቻ ነው ያለኝ» አለቻት።

በማግስቱ ቀረጻ ተጀመረ። ኑሃ ከፀዳለ ትከሻ በላይ ስልኳን ይዛ ቆመች። የፀዳለ ቀኝ እጅ ስፖንጅ ጨመቀ፣ ጠርሙስ ከፈተ፣ ቁልፍ አነሣ። የተላጠው መዳፍ፣ አጭሩ ጥፍር፣ ሁሉም በቪዲዮው ታየ። ማታ ስትነግረኝ «ምነው ያኔ ላሳምርልሽ ስልሽ እሺ ብትዪ!» አልኳት። «አብደሻል? ልጅቱ እኮ የምታውቀው ይህንን እጅ ነው» አለችኝ። ሙያዬን ከነቤቱ አፈረሰችው።

የመጨረሻው ቪዲዮ ቴምር መስጠት ነበር። ሀዲል ራሷ የመረጠችው እሱን ነው። ኑሃ በአንድ እጇ ስልኩን እንደያዘች ሌላውን ለመቀበል ዘረጋች፤ ፀዳለ ከትሪው ቴምር አንስታ ሰጠቻት። ኑሃ «ቆዪ» አለች። «ግራ እጅሽን ጠረጴዛው ላይ አሳርፊው፤ ቀኙ ብቻ ነው የሚሠራው።» እንደገና። ፀዳለ ቀኝ እጇን ስትዘረጋ ግራው ተነሥቶ ከቀኝ ክርኗ ሥር ገባ። «ፀዳለ፣ ግራው!» እንደገና። ግራው መጣ። ሰባት ጊዜ ሞከሩ፤ ሰባት ጊዜ መጣ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ።

ምን ታድርግ? ሐይቅ ያደገ ልጅ ለሰው አንድ ነገር ሲሰጥ ክርኑን ሳይደግፍ ከዘረጋ የሚጠብቀውን ያውቀዋል። እኔን እናቴ ለጎረቤት ውሃ በአንድ እጄ ስለሰጠሁ የቆነጠጠችኝ ቦታ ዛሬም ትዝ ይለኛል። በአንድ እጅ መስጠት መወርወር ነው። ለኑሃ ግን ይህን ሁሉ በምን ዐረብኛ ታስረዳት? መጨረሻ ላይ ፀዳለ ግራ እጇ ላይ ተቀመጠችበት። ቪዲዮው እንዲያ ተቀረጸና አለቀ።

ታኅሣሥና ጥር እንዲህ አለፉ። ሀዲል በሳምንት ሦስት ቀን ከመካ ትመጣለች፤ ዝም ብላ ትቀመጣለች፣ የፀዳለን እጅ ታያለች፣ ትሞክራለች። መጀመሪያ ስፖንጁን ነካችው። ከዚያ ያዘችው። በጥር ወር አንድ ማክሰኞ ውሃ ጠብ እስኪል ጨመቀችው፤ ሰዒዳ ጮኻ መላውን ማዕከል በር በሩ ላይ አወጣችው። ጠርሙሱ ተከፈተ። ቁልፉ ከጠረጴዛ ተነሣ። ቴምሩ ግን እምቢ አለ። ጣቶቿ ያነሡታል፤ ክንዷ ወደ ሰው ሲዘረጋ ግን መሀል መንገድ ላይ ይታጠፍና ቴምሩ ይወድቃል። በየቀኑ ይወድቃል። ረመዳን ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀረው።

በዚህ ላይ ሱቁ ለረመዳን ዕቃ የሚሞላበት ጊዜ ደረሰና መመላለሱ በሁለት ሳምንት አንድ ቀን ብቻ ሆነ። በቀሩት ቀናት ሀዲል ቤቷ ሆና ቪዲዮዎቹን እያየች እንድትሞክር ኑሃ አዘዘች። አንድ ዓርብ ሰዒዳ ደወለች።

«ፀዳለ እህቴ፣ የቴምሩን ቪዲዮ አላይም አለችኝ። ይሄ የፀዳለ እጅ አይደለም፣ ፈርቷል ትላለች። ሌላ ላኪልን፣ ሆዴ፣ አላህ ይጨምርልሽ።»

ፀዳለ ለኑሃ መንገር እንዳለባት ታውቅ ነበር። ግን ዓርብ ነው፣ ኑሃ አትሠራም፣ ልጅቱም ትጠብቃለች። እኔም «ስልክ ነው እንጂ ሮኬት አይደለም፣ ያላ እንቅረጽ» አልኳት። ወንበር ላይ ወጣሁ፤ በአንድ እጄ ስልክ ይዤ ሌላውን ለመቀበል ዘረጋሁ። ፀዳለ ቴምር ታነሣለች፣ ትሰጠኛለች፤ እኔ እቀበላለሁ፣ የማስቀምጥበት ስለሌለ እበላለሁ። ሦስት ደቂቃ እስኪሞላ ዐሥራ አንድ ቴምር በላሁ። ሁለታችንም ስቀን ልንሞት ነበር። ስንጨርስ አየነው፤ ቆንጆ ነው፣ ላክነው።

ግራ እጇ በእያንዳንዷ ቴምር ከክርኗ ሥር ነበር። እሷ አላየችውም። እኔም አላየሁትም። እንዴት ልየው? እኔም ብሰጥ እንደዚያው ነው የምሰጠው።

ሀዲል ያንን ቪዲዮ ለዐሥር ቀን ጠዋትና ከሰዓት አየችው። በዐሥራ አንደኛው ቀን ጅዳ መጣች፤ ኑሃ ትሪውን አስቀመጠችና «እስቲ ስጪኝ» አለቻት። ሀዲል በቀኟ ቴምር አነሣች፤ ግራ እጇን ከቀኝ ክርኗ ሥር አስገባች፤ ዘረጋች።

ኑሃ ቴምሩን አልተቀበለችም። «ይህን ማን አስተማረሽ?» አለች።

ልጅቱ ፀዳለን አየች። ሰዒዳ ምንም ሳታውቅ ስልኳን አውጥታ ቪዲዮውን አሳየች። ኑሃ አይታ ስትጨርስ ፊቷ ተለዋውጦ ነበር። «ፀዳለ፣ ሁለት ወር ሙሉ ቀኙ ብቻውን እንዲሠራ ደከምን» አለች። «አንቺ ሳትነግሪኝ ሌላ ነገር አስለመድሻት። ረመዳን ሊገባ ሳምንት ነው የቀረው፤ የለመደችውን አሁን በምን ላስረሳት?»

ፀዳለ መወልወያዋን ይዛ ወጣች። ቤት ስትመጣ ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ነበር። ከሥራ ያባርሩኛል ብላ እንዳይመስላችሁ፤ ስለ ሥራው ቃል አልተነፈሰችም። «ልጅቱን አበላሸኋት» አለችኝ። «ተመልሳ እጅጌዋ ውስጥ ትከተዋለች፣ ወለላ። በኔ ምክንያት።» ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እጇ ጭኗ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጦ አየሁት። ደነገጥኩ። እኔ ነኝ ያላ እንቅረጽ ያልኩት፤ ጥፋቱ የኔ ነው ብላትም አልሰማችኝም። ምስር ገዝቼ መጥቼ ፊቷ ዘረገፍኩላት፤ አልነካችውም።

በማግስቱ ኑሃ ከሥራ መግቢያ ላይ አስጠራቻት። ፀዳለ ኸላስ፣ አለቀልኝ ብላ ገባች። ኑሃ ኮምፒውተሯን ወደ እሷ አዞረችው። ትናንት ስትናደድ የሕክምናው ክፍል ካሜራ እየቀረጸ ነበር። ሀዲል ቴምሩን ይዛ የቆመችበት ቦታ ላይ ምስሉን አቆመችው።

«ክንዷን እዪ» አለቻት። «እስከ መጨረሻው ተዘርግቷል። እኔ ትናንት ግራ እጇን እያየሁ ቀኙን ሳላየው ቀረሁ። ቴምሩ እኮ አልወደቀም!»

ፀዳለ አየች። ቀኝ ክንድ ግራው ላይ ተደግፎ ወደ ሰው ተዘርግቷል፤ ጣቶቹ ቴምሩን እንደያዙ ናቸው። ኑሃ ተኝታ ያደረች አትመስልም፤ ዓይኗ ቀልቷል። ቀኙ ብቻውን ሲሠራ ክብደቱን መሸከም እያቃተው ሲታጠፍ እንደነበረ፣ ግራው ሲያግዘው ግን ድፍረት እንዳገኘ፣ ሁለቱ እጆች ተባብረው መሥራታቸው ራሱ የሚፈለግ ነገር እንደሆነ አስረዳቻት። «ቀስ በቀስ ግራውን እንቀንሳለን» አለች። «አሁን ግን ይቆይ። ልጠይቅሽ፣ በአገራችሁ እንዲህ የምታደርጉት ለምንድን ነው?»

«የተቀባዩ ክብር ነው» አለች ፀዳለ። «ሙሉ ሰውነቴ እየሰጠህ ነው ማለት ነው።»

«ያን ቀን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ያን ቀን እጄ ላይ ተቀምጬ ነበር።»

ኑሃ ሳቀች። ከዚያ ግን ጣቷን ቀስራ ካሁን በኋላ ሳያሳውቋት አንዲት ቪዲዮ እንዳትላክ አለቻት፤ ፀዳለም በእመቤቴ ስም ማለች።

ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ በአንድ ሳምንት ገቡ። ፀዳለ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምስ ነው የምትጾመው፤ አንድም ቀን ሰዓት አጉድላ አታውቅም። መካ የክርስቲያን እግር ስለማይገባ የረመዳኑን መጀመሪያ በስልክ ነው የጠበቅነው። በሁለተኛው ቀን ሰዒዳ ቪዲዮ ላከች። አልጋው ጫፍ ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን።

የኢስሐቅ ሱቅ በር ነው፤ ሱፍራው ተዘርግቷል፤ ሰው ከሥራ፣ ከሆቴል፣ ከመስጊድ ወዲያ ወዲህ ይላል። ሀዲል አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። ትሪው ከፍ ካለ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ቴምር ታነሣለች፣ ክርኗን ትደግፋለች፣ ትዘረጋለች። የመጀመሪያው ሰው ተቀበላት። ፀዳለ የኔን ክንድ ጨብጣ ያዘችኝ፤ ዛሬም ጠባሳው አለ ብል ትዘልፈኛለች። ሁለተኛው ተቀበላት። ሦስተኛው ላይ አንዷ ቴምር ወደቀች፤ ሀዲል አየቻት፣ ሌላ አነሣች። አክስቲቱም ከሱቁ በር ላይ ቆማለች፤ አንድ ጊዜ ብቻ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ስትነካ ታየች።

ከዚያ ለዑምራ ከአገር ቤት የመጡ አንዲት አሮጊት መጡ፤ ነጠላቸውን ደርበዋል። የሀዲልን አሰጣጥ ሲያዩ ቆም አሉ። ቴምሯን በሁለት እጃቸው ጎንበስ ብለው ተቀበሏት።

«እንዲህ አድርጎ መስጠት ማን አሳየሽ፣ የኔ ዓለም?» አሉ በአማርኛ።

«ፀዳለ» አለች ሀዲል።

«ፀዳለ ማናት? የት አለች? ልመርቃት።»

«ጅዳ ናት። ክርስቲያን ናት፣ እዚህ አትገባም።»

አሮጊቷ ከትሪው ሌላ ቴምር አንስተው የሀዲል ቀኝ መዳፍ ላይ አኖሩላት። «እንግዲያው ይቺ የሷ ድርሻ ናት። አድርሽልኝ» አሉ፤ መረቋትና ሄዱ።

ፀዳለ ስልኩን ከእጄ ቀማችኝ። ስሟ የተጠራበት ቦታ ላይ እየመለሰች አራት ጊዜ ሰማችው። «ሰማሽ? ስሜን መካ ላይ ጠሩት» አለችኝ፤ ደስታዋ ፊቷ ላይ አልበቃ ብሎ ነበር። እኔም አለቀስኩ፤ ምን አፍራለሁ።

ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሀዲል ማዕከሉ መጣች። የኑሃ ክፍል ገብታ ፀዳለን አስጠራቻት። ከቦርሳዋ የተጠቀለለ ሶፍት አወጣች፤ በጥርሷና በግራዋ ፈታችው። ቴምሯ ትንሽ ተጨፍልቃለች። በቀኟ አነሣቻት፤ ክርኗን ደገፈች፤ ዘረጋች።

ፀዳለ በሁለት እጇ ተቀበለች። ከዚያ ችግሩ መጣ። ሰዓቱ አራት ነው፤ ለጾሟ አምስት ሰዓት ይቀረዋል። ከዚያም በላይ ረመዳን ነው፤ ጠዋት ሰው ፊት አይበላም። ኪሷ ልትከታት እጇን ስታንቀሳቅስ የሀዲልን ዓይን አየች። ልጅቱ እጆቿን ወደ እጅጌዋ እየሰበሰበች ነበር። ባለፈው ዓመት ስትዘረጋ ያልተቀበላት መንገደኛ ፊቷ ላይ ተመልሶ መጥቷል።

ፀዳለ ኑሃን አየች። ኑሃ ተነሥታ በሩን ዘጋች፤ መልሳ ተቀመጠችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «እኔ ሪፖርት ልጽፍ ነው። ምንም የማየው ነገር የለም» አለች። ሰዒዳም ወዲያው ዐባያዋ ላይ የሌለ ክር መፈለግ ጀመረች።

ፀዳለ ቴምሯን በላቻት። ሀዲል፣ ፀዳለ እስክትውጣት ድረስ፣ አፏን እያየች ቆመች፤ ከዚያ ሁለቱም እጆቿ ከእጅጌዋ ወጡ።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ያን ዕለት ከሥራ ስትመለስ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ነው። እኔ ደግሞ አጋጣሚውን አላሳልፍም።

«ዐሥራ ሦስት ዓመት ሰዓት ሳታጎድይ ጾመሽ በአንድ ቴምር ገደፍሽ!» አልኳት። «አሁን ለንስሐ አባትሽ ደውለሽ ምን ልትዪ ነው?»

ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።

«የቀረውን ኃጢአቴን ሁሉ እነግራቸዋለሁ» አለች። «ለዚችስ ንስሐ አልገባም።»